አባባ ክፍል ገቡ

መስከረም 24

ለተወደድክ ወንድምዓለም፣

ይህች ደብዳቤ ባሕር ማዶ ያለህበት ድረስ መጥታ እጅህ ስትገባ ሙሉ ጤና ሆነህ ታግኝህ። ከክፉ ይሰውርህ፤ ከፍታ ላይ ስትሠራ እግርህን ያጽናልህ። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ክፉ አይባሉም። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቃላቸው ግን እንደሄደ አልተመለሰም።

ሐኪሙ አሁንም የሚለው ያንኑ ነው። «ስትሮኩ የመታው የንግግሩን ቦታ ነው። ሊሉ የፈለጉትን ያውቁታል፤ ከአፋቸው ሲወጣ ነው ሌላ ቃል የሚሆነው። አብዝታችሁ አናግሯቸው፣ ሰው መሀል ይዋሉ» ይለኛል። ውሃ ሲጠማቸው «ጫማ» ይላሉ። እኔም ለምጄው ጫማ ሲሉኝ ብርጭቆ ይዤ እሮጣለሁ። ባለፈው እውነትም ጫማቸውን ፈልገው ኖሮ፣ ውሃ ሳቀርብላቸው ያዩኝን አስተያየት ብታይ ትስቅ ነበር። እጃቸው ምንም አልሆነ፤ ሲጨብጡህ አጥንትህ ይንቋቋል።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ቀን ቀን አብራቸው የምትውለው ጎረቤታችን ልጇ ዘንድ ልትኖር ሄደች። ሌላ ሰው እስካገኝ ብቻቸውን ጥያቸው መሄድ አልሆነልኝም። ምን ላድርግ? እጃቸውን ይዤ ትምህርት ቤት ወሰድኳቸው።

የኔን ክፍል አታውቀውም፤ የተቀጠርኩት ከሄድክ በኋላ ነው። የትንንሾቹ ክፍል ነው፤ ገና አፍንጫቸውን መናፈጥ የሚማሩት። ወንበሩ ሁሉ ከጉልበት በታች ስለሆነ አባባን የሚችል አጣሁና የአሻንጉሊት ሣጥን ገልብጬ ከኋላ በኩል አስቀመጥኳቸው። የሰሞኑ ትምህርታችን «ማን በምን ይሠራል?» የሚል ነው። እኔ ሥዕል ከፍ አደርጋለሁ፣ እነሱ የመሣሪያውን ስምና የሚሠራበትን ሰው ይናገራሉ። ማዳመጫውን አነሣሁ፤ «የሐኪም!» አሉ። መቀሱን ሳነሣ ግማሹ «የልብስ ሰፊ!» ግማሹ «የፀጉር አስተካካይ!» ብሎ ሊደባደብ ሆነ፤ አስታረቅኳቸው። ቀጥዬ መጋዙን ገና ከፍ ሳደርግ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ «ማንኪያ!» አለ።

አባባ ናቸው። መጋዝ ይዘው ያሳደጉን አባባ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ አንገታቸውን ደፉ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ «ለምን?» ሳትል ስለማትውል መምህራኑ «ለምንዬ» የምንላት። ብድግ አለችና ሥዕሉን ከእጄ ወስዳ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ማንኪያ ጥርስ የለውም። ይሄ መጋዝ ነው። መ-ጋ-ዝ በሉ።»

«ማ… ማን…»

«እንደዛ አይደለም። መጀመሪያ አፍዎን ይግጠሙ።»

ገጠሙ። ሰፈር የሚያከብራቸው ሰውዬ የአራት ዓመት ልጅ እያየች ከንፈራቸውን ገጠሙ። «መ… ጋዝ» አሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እኔ ዓይኔን እንዳያዩት ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። በማግስቱ ቃሉ መልሶ ጠፋባቸው፤ ግን ያን ቀን ብለውታል።

ሁለት ነገር ልለምንህ። አንደኛው፣ አንተ ሥራህ ላይ የምትይዛቸውን መሣሪያዎች ለልጆቹ በቀላሉ ጻፍላቸው፤ አነብላቸዋለሁ። ሁለተኛው፣ ለአባባ ስልክ ደውልላቸው። እስካሁን አልደወልክም።

የምትወድህ እህትህ

———

ጥቅምት 30

ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? የሰላም ጌታ ደጃችሁን ይጠብቅላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ ሌላው እንደምታውቂው ነው። ስለ አባባ የጻፍሽውን አነበብኩት።

ለልጆቹ ይሄን አንብቢላቸው፦

ልጆች፣ እኔ የመምህራችሁ ወንድም ነኝ። ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። ሊፍት ማለት ረጅም ሕንጻ ውስጥ ሰውን ሽቅብና ቁልቁል የሚያመላልስ ትንሽ ክፍል ነው። እሱ የሚመላለስበት ጉድጓድ ጨለማ ስለሆነ ግንባሬ ላይ ባትሪ አስሬ እገባለሁ፤ ሁለቱም እጄ ለሥራ ነጻ ይሆናል። ብሎን የማላላበት መፍቻ አለኝ። መፍቻውን በገመድ ከእጄ አንጓ ጋር አስረዋለሁ። ለምን? ከላይ ካመለጠኝ ታች ያለውን ጓደኛዬን ይፈነክተዋል። እጄን የምጠርግበት ጨርቅም ይዣለሁ፤ ግራሶ ያለበት እጅ ምንም አይጨብጥም።

ከሁሉም የምሳሳለት መሣሪያ ግን አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ወደ ጉድጓዱ ከመውረዴ በፊት መብራቱን አጥፍቼ ማብሪያውን እቆልፈዋለሁ። መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ይሆናል። እኔ ከውስጥ ሳልወጣ ማንም ሰው፣ አለቃዬም ቢሆን፣ ሊፍቱን ማስነሣት አይችልም። እንግዲህ ቁልፍም መሣሪያ ነው፤ ምንም ነገር ባይሠራም እኔን በሰላም ቤቴ ያስገባኛል።

እስከዚህ ነው። ከረዘመባቸው ቁረጪው።

የስልኩን ነገር፣ ሥራ ይበዛብኛል፤ ሰዓቱም አይገጥምም። ለአባባ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የሚያስፈልግ መድኃኒት ካለ ስሙን ላኪልኝ።

ወንድምሽ

———

ኅዳር 19

ለወንድምዓለም፣

እንደ ቃልህ ያኑርህ፤ የኪስህን ቁልፍ አያጥፋብህ። ይሄን ምርቃት ያወጣችው ለምንዬ ናት። ደብዳቤህን ሳነብላቸው ትንፋሽ አልተሰማም፤ ከዚያ ጥያቄው እንደ በረዶ ወረደብኝ። ለምንዬ «ቁልፉ ኪሱ ቀዳዳ ሆኖ ቢወድቅስ?» አለች። አንዱ ደግሞ እጁን አውጥቶ «ጉድጓድ ውስጥ እያለ ሽንቱ ቢመጣስ?» አለ። ይህንን ሁለተኛውን ሳትመልስ እንዳትቀር፤ ክፍሉ በሙሉ አሳስቦታል።

አባባም ሰምተዋል። አንብቤ ስጨርስ ተነሥተው መጡና ወረቀቱን ከእጄ ወስደው መዳፋቸውን አሳረፉበት። እንደ ጣውላ ዳሰሱት። በማግስቱ ጠዋት ልንወጣ ስንል ከሥራ ቤታቸው የአናጢነት ዕቃ ሣጥናቸውን ተሸክመው ብቅ አሉ! «አባባ፣ ይሄ እኮ የልጆች ቤት ነው» ብል ማን ሰምቶኝ። ስል ስሉን፣ መሮውንና መላጊያውን፣ መምህራን ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። መጋዙን፣ ውሃ ልኩንና ሜትሩን ተውኩላቸው።

መስኮት ሥር ጣውላ አስደግፈው መጋዝ ሲጀምሩ ልጆቹን በጠመኔ ካሰመርኩት መስመር ወዲህ አቆምኳቸው። ግማሹ ጆሮውን ያዘ። አባባ ትንሽ ይቆርጡና ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ አንድ ልጅ በተራው ቀርቦ ሰጋቱራውን እፍ ይላል፤ እንደገና ይቀጥላሉ። ይሄን ደንብ ማን አወጣው? እሳቸው ናቸው፤ ያለ ቃል፣ በጣት ጥቆማ ብቻ። ተራውን የጣሰ ልጅ አልነበረም። እኔ ከመስከረም ጀምሮ ስለ ተራ አስተምሬ!

ስሙን እንደሆነ አሁንም ይስቱታል። ውሃ ልኩን «ዶሮ» አሉት። ልጆቹ ሲስቁ ቀና ብለው አዩአቸውና እሳቸውም ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። አሁን ስም ስጠራ ለምንዬ «አባባን ዘለልሻቸው» ስላለችኝ እሳቸውንም እጠራለሁ። «አለሁ» ይላሉ። ይቺ ቃል አልጠፋችባቸውም።

አንድ ቀን ዳይሬክተሯ ክፍሌን ልታይ ገባች። አባባ አክብረው ተነሡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና «ደህና አደርሽ፣ መጥረጊያ» አሏት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ለምንዬ ደግሞ ቀበል አድርጋ «ዳይሬክተር የማን መሣሪያ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ዳይሬክተሯ ምንም ሳትል ወጣች። እስካሁን አልጠራችኝም፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መድኃኒቱ እዚህ አለ፤ አትቸገር። የጠየቅኩህ ሌላ ነበር።

እህትህ

———

ታኅሣሥ 27

ለእታለሜ፣

ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ፤ ለመመለስ ንዴቴ እስኪበርድ ጠብቄ ነበር። አልበረደም።

አባባ ማን እንደሆኑ ረሳሽው? እሳቸው አንድ ግንባታ ቦታ ሲደርሱ ቀልደኛው ሁሉ ምላሱን ይሰበስብ ነበር። የሰቀሉት በር በጣት ሲነካ ይከፈታል፣ ከአርባ ዓመት በኋላም አያቃስትም። ብዙ አይናገሩም፤ የተናገሩት ግን እንደተመታ ምስማር ነው፣ አይነቀልም። ሁለት ጎረቤት በአጥር ሲጣላ እሳቸውን ነበር የሚጠሩት። ያ ሰውዬ ዛሬ የአሻንጉሊት ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሕፃን «አፍዎን ይግጠሙ» ትለዋለች፤ አንቺም ደስ ብሎሽ ትጽፊልኛለሽ! ዶሮ አሉ፣ መጥረጊያ አሉ እያልሽ!

ልጆች አይከፉም፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ልጆቹ ቤታቸው ገብተው ለወላጆቻቸው ያወራሉ። ወላጅ ለጎረቤት። ነገ አባባ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ሕፃናት መሀል መጋዝ? አንድ ጣት ቢቆረጥ አንቺም አባባም አለቀላችሁ።

ታላቅሽ ነኝ፤ ይችን አንዲት ነገር ስሚኝ። ከዚያ ክፍል አውጪያቸው። ረጋ ያለ፣ የሚጠብቃቸው ሰው ቅጠሪ፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ። በክብር ቤታቸው ይቀመጡ።

ለልጁ፣ ከመግባቴ በፊት ሽንት ቤት እሄዳለሁ በይው።

ወንድምሽ

———

የካቲት 10

እታለሜ፣

ከጻፍኩልሽ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። ደህና ናችሁ? የላክሁት ገንዘብ ደርሷል የሚል ደረሰኝ አየሁ፤ ካንቺ ግን አንድ መስመር የለም። ዝም ማለት ያባባ ጠባይ ነበር፤ አንቺ ከየት አመጣሽው?

ቃሌ በዝቶ ከሆነ ቅር አይበልሽ። ሰው ቀጠርሽ? አባባ እንዴት ናቸው? አንዲት መስመር ይበቃኛል።

ወንድምሽ

———

መጋቢት 8

ለወንድምዓለም፣

ጤናህ ይብዛ። አልተቀየምኩም፤ ያልከኝን አድርጌ እስካይ ነው የቆየሁት። ታላቄ ነህና ቃልህን ሰማሁ። አባባን ከክፍል አወጣኋቸው።

ሰው ቀጠርኩ። ጡረታ የወጣ ዘበኛ ነው፤ ምን የመሰለ ደግ ሰው፣ ረጋ ያለ፣ ልክ እንዳልከው። ሁለቱ ረጋ ብለው ይቀመጣሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ በክብር ወንበራቸው ላይ ሆነው ግድግዳ ያያሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። «ዛሬ ትምህርት የለም፣ አባባ» እያልኩ ጥያቸው እሄድ ነበር። የነጋ ሁሉ እሑድ ሆነባቸው። ከዚያ ኮቱን ተዉት። ቀጥሎ ቃሉን ተዉት። ጫማም ዶሮም ማለት ቀረ፤ ሲጠማቸው እጃቸውን ብቻ ይዘረጋሉ። የሚስቅባቸው ሰው የለም፤ እሱስ ተሳክቶልሃል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ለምንዬ አላስቀምጥ አለችኝ። ስም ጠርቼ ስጨርስ ትነሣለች።

«አባባ ታመሙ ወይስ ተባረሩ?»

«አልተባረሩም። እያረፉ ነው።»

«ለምን?»

«ቃሉ እያስቸገራቸው ነዋ።»

«እኔ ቃል ሲጠፋብኝ ለምን እንዳርፍ ቤት አትልኪኝም?» አለችኝ። ሰሌዳ ጠራጊውን ፈልጌ ሰሌዳ ጠረግሁ። የተጻፈ ነገር አልነበረበትም።

ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄድኩ። ልትቆጣኝ ተዘጋጅታ የምትጠብቀኝ መስሎኝ ስንት ጊዜ ሸሽቻታለሁ። የመጣሁበትን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«መጥረጊያ ያሉኝ ለታ ቤቴ ገብቼ ለባሌ ስነግረው አንጀታችን እስኪቆስል ሳቅን» አለችኝ። «ያን ዕለት ዝም ብዬ የወጣሁት ልጆቹ ፊት እንዳልስቅ ነው። ስለ መጋዙ ግን ሁለት ወላጆች መጥተው ነበር፤ እውነታቸውን ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ መጋዝ አልፈቅድም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መሣሪያው ወደ ልጆቹ ከሚመጣ ልጆቹን መሣሪያው ወዳለበት ውሰጃቸው። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ወላጅም የፈለገ ይምጣ።»

ገመድ አስይዘን በሰልፍ ወሰድናቸው። ሁለቱ ያጉረመረሙት እናቶች ከኋላ ሆነው እንደ ፖሊስ ይከተሉናል። የአባባ ሥራ ቤት በር ተከፍቶ ዘበኛው አስቀምጧቸው ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ልጆቹ «ደህና ዋሉ አባባ!» ብለው ጮኹ። አልዞሩም። እንደገና አስጮህኳቸው። ምንም። አንዷ እናት «በቃ እንመለስ፣ አታስጨንቋቸው» አለች። እኔም ልመለስ ነበር።

ያኔ ለምንዬ ከገመዱ አምልጣ ከጠረጴዛው ላይ ሜትሩን አነሣች። እስከ መጨረሻው ጎተተችና ድንገት ለቀቀችው፤ ጯ! ብሎ ሲመለስ አባባ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ዞሩ።

«ቀስ!» አሏት። ጥርት ያለ «ቀስ»። ልጅ ሆነን ሜትራቸውን ስንነካ የሚሉን እኮ ነው።

ከእጇ ቀሙና ምላሱን በአውራ ጣት እየያዙ ቀስ ብሎ እንዴት እንደሚገባ አሳዩአት። ቀጥለው እያንዳንዱን ልጅ እያቆሙ ቁመቱን ለክተው በር መቃኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። የዳይሬክተሯንም ጭምር! የብርጭቆ ወረቀት እየቀደዱ አደሉና ጣውላ አስወለወሏቸው። አንዱንም ስም በትክክል አልጠሩትም። መዶሻው «ጥጥ»፣ ጉጠቱ «አክስቴ» ነበር። ልጆቹ ጮክ ብለው ያርማሉ፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሥራው ይቀጥላል። ሲጨርሱ ያቺ «እንመለስ» ያለችው እናት ቀረብ ብላ በሩ የተንጋደደባት ቁም ሣጥን እንዳላት ነገረቻቸው።

አሁን በየሳምንቱ እንሄዳለን። ኮታቸውንም መልሰው መልበስ ጀምረዋል።

ታናሽህ መሆኔን ለአፍታ እርሳልኝና አንድ ነገር ልናገር። ልጆቹ ሲስቁ እሳቸውም ሳቁ ብዬ ጽፌልህ ነበር። አንተ ያነበብከው ሳቁባቸው ብለህ ብቻ ነው፤ ሳቁ የሚለውን የት አደረስከው? አባባ አላፈሩም። ያፈርከው አንተ ነህ፤ ያውም ሳታያቸው። ከእንግዲህ ለዘበኛው ደመወዝ አትላክ። ስልክም ደውል አልልህም፤ በስልክ እጅ አይታይም። ና።

እህትህ

———

ሚያዝያ 2

ለእታለሜ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልክ ነሽ። መልሼ ሳነበው ያ መስመር እዚያው ነበር።

ስልኩን በተመለከተ፣ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ስንት ጊዜ ቁጥሩን ጀምሬ ተውኩት። ሌላ ቃል ቢሉኝ አልነበረም ፍርሃቴ፤ እንደ እንግዳ ሰላም ቢሉኝስ ብዬ ነው። ስሄድ የተለያየነው በደህና እንዳልነበር ታውቂያለሽ። «ሥራ ቤቱን ለማን ትተህ?» ነው ያሉኝ፤ እኔም ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። ታዲያ በሽታው ከሁሉም አስቀድሞ እኔን ወስዶብኝ ከሆነ፣ ሳላውቅ ብቀር ይሻለኛል እያልኩ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ብሎን ሳጠብቅ ከረምኩ።

ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ሰኔ መግቢያ ላይ እመጣለሁ። ለልጆቹ ምን ላምጣላቸው?

ወንድምሽ

———

ሚያዝያ 25

ወንድምዓለም፣

እግዜር መንገዱን ይጥረግልህ። ለልጆቹ ምንም አታምጣ፤ አንተን ራስህን ከነቁልፍህ ማየት ነው የሚፈልጉት። መምጣትህን ለአባባ ስነግራቸው «ወፍጮ» አሉ። ደስ ብሏቸው ይሁን ተቆጥተው አላወቅሁም፤ ሥራ ቤቱን ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠርገውታል።

እህትህ

———

ሰኔ 29

ለእታለሜ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ያሳለፍነውን ቀን ሁሉ ፈጣሪ ይባርክልን፤ አንቺንም አባባን እንደተሸከምሽ ይሸከምሽ። ዛሬ የምጽፍልሽ እዚያ እያለሁ ያልነገርኩሽን ነው። ልነግርሽ ስል ሌላ ወሬ እያነሣሁ አለፍኩት፤ በወረቀት ይሻለኛል።

የመጣሁ ዕለት የሆነውን አይተሻል። ጨበጡኝ፣ አገላብጠው አዩኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ። ለማንም እንግዳ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉልኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ያደረግኩትንም አይተሻል፤ የድሮ ፎቶ እያወጣሁ «ይሄ ማነው? ይሄስ?» ስላቸው። «ፈተና አታድርግባቸው» ብለሽ የተቆጣሽኝ ጊዜ ክፉኛ ተሰማኝ፤ ግን ተውኩት።

ልጆቹ ሥራ ቤት የመጡ ቀን ቁልፌን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዞሩት፣ ያቺ ለምንዬ ኪሴን ገልብጣ ቀዳዳ እንደሌለው ስታጣራ፣ አባባ ከወዲያ ሆነው ሲያዩኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አንቺ ትምህርት ቤት እንደሄድሽ እጄን ይዘው ወደ ሥራ ቤት ወሰዱኝ። ሁለት ጣውላ አዘጋጅተዋል። ለክፍልሽ የሰቀልንልሽ ያ ዝቅ ያለ መደርደሪያ የተሠራው ያን ጠዋት ነው።

አንዱን ጣውላ በሞርሳው መንጋጋ ውስጥ አጠበቁና እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

«ዝናቡን አቀብለኝ።»

«ምኑን፣ አባባ?»

«ዝናቡን!»

መዶሻ አነሣሁ። ራሳቸውን ወዝውዘው እንቢ አሉ። ሜትር አነሣሁ። እንቢ። መጋዝ፣ እርሳስ፣ ጉጠት። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠፈጠፉት። ድሮም ዕቃ ሳቀብል እሳሳት ነበር፤ ላብ አጠመቀኝ። አፍ አፋቸውን ነበር የማየው፤ ሌላ ቃል ይመጣል ብዬ። በኋላ ተስፋ ቆርጬ ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ ሌላኛው እጃቸው ጣውላው ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ አንድ ያበጠ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። መላጊያውን ሰጠኋቸው። ተቀበሉና ገፉት። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግራችን ሥር ወረደ።

ከዚያ ወዲያ አፋቸውን ማየት ተውኩ። «ሰኞን» ሲሉ የብርጭቆ ወረቀት ሰጠሁ። «ድመቷን» ሲሉ ምስማር። እንጨቱን እያየሁ ነበር የማቀብለው፤ ብዙም አልተሳሳትኩም። ፀሐይዋ በር ላይ ስትደርስ ያለ ንግግር ተግባብተን እንሠራ ነበር። እቤት ሳለሁ እንደዚያ አብረን ሠርተን አናውቅም፤ ያኔ እኔ ለመሄድ ነበር የምቸኩለው።

እኔ የያዝኩት ጫፍም ሻካራ ስለነበረ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ሳላስበው፣ «አባባ፣ እስቲ ዝናቡን ያቀብሉኝ» አልኳቸው።

ቆሙ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ያን አስተያየት ታውቂዋለሽ፣ ጠማማ ምስማር የመታ ረዳት የሚያዩበትን።

«ዝናብ? መላጊያ ነው እንጂ!»

እሳቸውም ሰምተውታል። ከንፈራቸውን ገጥመው ደግመው ሊሉት ሞከሩ፤ «መላ… መላ…» አልመጣ አለ። እኔ ሳቅ አመለጠኝ። አባባም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሰው በመንገድ ሲያልፍ ምን እንዳለ አላውቅም፤ አላሳሰበኝምም።

ሥራ ቤቱን ለማን ትተህ ብለው የጠየቁኝን አሁንም ልመልስ አልችልም። የልጆቹ ቀን እንዳይቋረጥ ግን አደራ። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ አይቼዋለሁ፤ በሚቀጥለው ስመጣ እኔ ራሴ ነኝ የምወጣበት።

የመጨረሻዋን ልንገርሽ። የሄድኩ ቀን ታክሲ ልትጠሪልኝ ወደ አስፋልቱ ወጥተሽ ነበር። አባባ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ተሰናብቻቸው፣ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ሻንጣዬን አንሥቼ የግቢውን በር ከፈትኩ።

«ጠረጴዛ!» ብለው ተጣሩ።

ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ዞር ስል እኔን ነበር የሚያዩት።

«አቤት፣ አባባ» አልኳቸው።

ወንድምሽ